«ኤታ» በአማርኛ ምን ይባል?

እንግዳ ተርጓሚ፦
ስለ ጃፓን ቡራኩሚን፣ በዘራቸው ምክንያት ሲናቁና ሲገለሉ ስለኖሩት ጃፓናውያን፣ አንድ ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ1922 ኪዮቶ ውስጥ ሱይሄይሻ የተባለው ማኅበራቸው ሲመሠረት ባወጣው መግለጫ ላይ «ኤታ በመሆናችን የምንኮራበት ጊዜ ደርሷል» የሚል ዐረፍተ ነገር አለ። ኤታ በድሮው ዘመን ቆዳ የሚያለፉት፣ የሞተ ከብት የሚያነሡት ሰዎች የሚጠሩበት ስም ነው፤ የሚጻፍባቸው ፊደላት «ርኩሰት የበዛበት» የሚል ትርጉም አላቸው። «ርኩስ በመሆናችን የምንኮራበት» ብዬ ብጽፍ አርታኢዬ ሰርዞ «ዝቅተኛ መደብ» አደረገው። እናንተ ምን ትላላችሁ?

ዘዲማ፦
ሁለታችሁም ስታችኋል። ርኵስ ከራሱ የረከሰ ነው፤ ሌላው ያረከሰው ግን «ግሙን» ይባላል፣ ገመነ ካለው የግዕዝ ግስ። እነዚህን ሰዎች ያረከሳቸው ሌላው ስለሆነ «ግሙናን» ይባሉ።

ባለ ሰረዝ፦
የኔታ፣ ይህን ልዩነት ከየት አመጡት? ገመነንም ረኵሰንም አረከሰ፣ ረከሰ እያልን ነው የተማርነው። ደግሞስ «ግሙናን» ብሎ ቢታተም ማን ያነበዋል?

ዘዲማ፦
ጉባኤ ቃና፣ የቅኔን መጀመሪያ፣ ሳይቆጥሩ ስለ ግስ መከራከር የዘመኑ በሽታ ነው።

ጎንጤ፦
እኔ ደግሞ ቡራኩ ከቡራኬ የመጣ ይመስለኛል። ሊቃውንቱ ይመርምሩት!

ዘዲማ፦
ልጄ፣ ቡራኬ ከባረከ ነው። ቡራኩ በጃፓንኛ መንደር፣ ሚን ሕዝብ ነው፤ የመንደር ሰዎች ማለት ብቻ። ባሕር ተሻግረህ ግስ አትርባ።

ወለተ ማርያም፦
ለምን ሩቅ እንሄዳለን? «ፋቂ» የሚል ስድብ በአገራችን አለ፤ ዐፄ ምኒልክ እንኳ የእጅ ባለሙያን መስደብ በዐዋጅ ከልክለዋል። አንባቢ ወዲያው ይገባዋል።

ባለ ሰረዝ፦
እቴ፣ ፋቂ የሥራ ስም ነው፤ እነዚህ ሰዎች ሥራውን ቢተዉም ስሙ አልተዋቸውም። በ1975 የተጋለጠውን አስታውሺ፦ የቡራኩ መንደሮችን ስምና አድራሻ የያዘ መዝገብ በድብቅ እየታተመ ለኩባንያዎች ይሸጥ ነበር፤ ትልልቆቹ ሳይቀሩ ሥራ ፈላጊ የሚያጣሩበት። ከጋብቻ በፊት የሙሽራዋን የትውልድ መዝገብ በሰላይ የሚያስመረምር ቤተሰብም ነበር። ቆዳ በእጁ ነክቶ የማያውቅ የባንክ ጸሐፊ ፋቂ ሊባል ነው?

ወለተ ማርያም፦
ይሁን። ግን «ርኩስ» ለምን ይሰረዛል? ቅዱስ ጴጥሮስ ሰውን ርኩስ እንዳይል በራእይ የተነገረው የት ሆኖ ነው? በኢዮጴ፣ በቍርበት ፋቂው በስምዖን ቤት! ሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10ን ያነበበ አንባቢ ቃሉን ሲያይ ይህን ሁሉ ይሰማል። «ዝቅተኛ መደብ» ግን የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይመስላል።

ዘዲማ፦
ጥቅሱ መልካም ነው፤ ግን እዚያም ላይ ከርኵስ ጎን «የሚያስጸይፍ» የሚል ሁለተኛ ቃል አለ። ሁለት ቃል የተቀመጠው ልዩነት ስላለ ነው። ያልኩት ይኸው ነው።

እንግዳ ተርጓሚ፦
አመሰግናለሁ። አንድ ልጨምር፦ የጃፓን መንግሥት በ1871 ስለ እነዚህ ሰዎች ስላወጣው ዐዋጅ «ነጻ ወጡ» ልበል ወይስ «ስያሜው ተሻረ»?

ባለ ሰረዝ፦
ስያሜው ተሻረ። ዐዋጁ ኤታና ሂኒን («ሰው ያልሆነ» ማለት ነው) የሚባሉትን ስሞች ሽሮ በማዕረግም በሥራም ከተራው ሕዝብ ጋር እኩል ናቸው አለ እንጂ መሬትም ገንዘብም አልሰጠም፤ በቆዳ ሥራ ላይ የነበራቸውን ብቸኛ መብት ጭምር አጡ። ጎረቤት ገበሬዎች «ከእኛ እኩል ሊሆኑ ነው» ብለው በተለያየ አካባቢ ዐመፁ። ሕዝቡም ወዲያው «ሺን ሄይሚን»፣ አዲስ ተራ ሕዝብ፣ የሚል ስም አወጣላቸው፤ እርሱም ስድብ ሆነ። ከዚያ «ልዩ መንደር» መጣ፣ እርሱም ስድብ ሆነ። መንግሥት ደግሞ በኋላ «ዶዋ»፣ የወንድማማች ስምምነት እንደ ማለት፣ አለ። በ1969 በወጣው ልዩ ሕግ ቤት፣ መንገድ፣ ትምህርት ቤት ተሠራ፤ ፕሮግራሙ በ2002 አበቃ። የቡራኩን መድልዎ በስሙ የጠራ ሕግ እስከ 2016 ድረስ አልወጣም፤ የወጣውም ቅጣት የለውም። የ1922ቱ ሰዎች በተለሳለሰ ስም የተሰላቹ ስለሆኑ ነው ኤታ የሚለውን አስከፊውን ቃል ራሳቸው ያነሡት። አርታኢው ያለሰለሰባቸው ይህንን ነው።

ጎንጤ፦
ታዲያ «ኤታ» ተብሎ እንዳለ ይቀመጥ፤ ከሥሩ ማብራሪያ ይግባ።

ወለተ ማርያም፦
ማብራሪያውን ማን ያነበዋል? ስድቡ ካልጎመዘዘ ኩራቱ አይገባም።

ዘዲማ፦
ይህን ሁሉ ከመወሰናችሁ በፊት «ርኵስ» በኵ እንጂ በኩ አይጻፍም። እኔ ብቻ ነኝ በትክክል የጻፍኩት።

ጎንጤ፦
የኔታ፣ የስልኬ ፊደል ኵ የለውም።

ዘዲማ፦
ስልክ ቀይር።