ወንድሜ ሰው ፊት መቅረብ አቃተው፣ የሙዚቃ ቴራፒ ኢንሹራንስ ይሸፍናል ወይ?

እህቱ (ሲልቨር ስፕሪንግ)
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜን ከደሴ አምጥቼው አብረን ነው ያለነው፣ 20 ሞልቶታል፣ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ይማራል። ቤት ውስጥ ያወራል ይስቃል፣ ሰው ሲመጣ ግን ሌላ ልጅ ይሆናል። ባለፈው ክርስትና ተጠርተን ሄደን ምሳ ሲቀርብ ተነስቶ ወጣ፣ ስፈልገው መኪና ውስጥ ኢርፎን ሰክቶ ተቀምጧል፣ እጁ ላብ በላብ ሆኗል። አሁን ደግሞ ስፒች የሚባለው፣ ሰው ፊት ቆሞ ንግግር የሚቀርብበት ክላስ ግዴታ ሆኖበት ትምህርቱን ካላቋረጥኩ እያለኝ ነው። ሐኪሙ ሶሻል አንዛይቲ (ሰው ፊት የመቅረብ ፍርሃት) ነው ብሎ ቴራፒስት ጋ ላከው፣ እሷም ከሷ ጋር እየተነጋገሩ ከሚያደርጉት ቴራፒ ጎን ለጎን የሙዚቃ ቴራፒ ግሩፕ ቢገባ ጥሩ ነው አለች። ኢንሹራንሱ ጋ ስደውል አንዷ ይሸፈናል ትላለች፣ ሌላው አይሸፈንም ይላል። እማዬ ደግሞ በየቀኑ እየደወለች "ልጄን በሽተኛ አታድርጉብኝ፣ ጠበል ውሰጂው" ትለኛለች። የሞከረ አለ? ከኪሴ ልክፈል ወይስ ልጠብቅ?

ጋሽዬ (አሌክሳንድሪያ)
እህቴ፣ ስልክ ላይ የተባለ ነገር እዚህ አገር እንዳልተባለ ቁጠሪው። ሁሉንም በጽሑፍ አድርጊ። መጀመሪያ ሐኪሙ ለምን እንደሚያስፈልገው ደብዳቤ ይጻፍ፣ ሜዲካል ኔሰሲቲ (ለሕክምናው የግድ ያስፈልጋል ማለት ነው) የሚለው ቃል ይግባበት። ቴራፒስቱ ኔትወርክ ውስጥ፣ ማለትም ከኢንሹራንሱ ጋር ውል ያለው መሆኑን አረጋግጪ፣ ከመጀመሩ በፊት ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነም ጠይቂ። አንሸፍንም ካሉ ምክንያቱን በደብዳቤ ይላኩ፣ ከዛ አፒል፣ ማለትም እንደገና እንዲያዩት ትጠይቂያለሽ፣ አብዛኛው ፕላን ላይ ደብዳቤው ከደረሰሽ ጀምሮ 180 ቀን አለሽ። እሱም ካልሆነ ከኢንሹራንሱ ውጪ የሆነ አካል እንዲያየው መጠየቅ ይቻላል። ብዙ አበሻ የመጀመሪያዋን እምቢታ ሲያይ ይተወዋል፣ እዛ ላይ ነው የምንጎዳው። ደግሞ ትምህርት ቤቱ አይ ኢ ፒ የሚባለውን፣ ለሚቸገር ተማሪ ለብቻው የሚወጣ የትምህርት እቅድ ያውጣለት፣ የኔ ልጅ በዛ ነው ያለፈው፣ አንድ ብር አልከፈልንም።

ነርሷ (ሚኒያፖሊስ)
ጋሼ ስለ አፒሉ ትክክል ነዎት፣ አይ ኢ ፒ ግን ከሃይስኩል ጋር ያበቃል፣ ኮሌጅ ላይ የለም። ኮሌጅ ውስጥ ዲሰቢሊቲ ሰርቪስ የሚባል፣ የጤና ችግር ያለበትን ተማሪ የሚያግዝ ቢሮ አለ፣ የሐኪም ወረቀት ይዞ ራሱ ሄዶ ማመልከት አለበት። ስፒቹን ለትንሽ ግሩፕ ወይም ለመምህሩ ብቻ እንዲያቀርብ መጠየቅ ይችላል፣ ይፈቀድለታል ብዬ ግን ቃል አልገባም። ደግሞ እህቴ 18 ስላለፈው እሱ ካልፈቀደ ሐኪሙ ላንቺም ፋይሉን አያሳይሽም፣ ሰው ያውቅብኛል ብሎ ከፈራ ይሄን ንገሪው።

ሌላው፣ የሙዚቃ ቴራፒ ማለት ዘፈን ከፍቶ ማዳመጥ አይደለም። የሙዚቃ ቴራፒስቱ ኤም ቲ ቢ ሲ የሚል ማዕረግ እንዳለው ጠይቂ፣ በዩኒቨርሲቲ የተማረ፣ 1,200 ሰዓት ክሊኒካል ትሬኒንግ የሠራና የቦርድ ፈተና ያለፈ ማለት ነው። እኔ የምሠራበት ቦታ ግሩፑ ውስጥ ተቀምጬ አይቻለሁ፣ ክብ ሠርተው ሁሉም ከበሮ ይይዛሉ፣ ቴራፒስቷ ትጀምርና ምቱን ወደ አንዱ ትልካለች፣ እሱ ይመልስና ለሚቀጥለው ያቀብላል። አንዲት ልጅ መጀመሪያ በጣቷ ጫፍ ብቻ ነበር የምትነካው፣ ቴራፒስቷ የራሷን ድምፅ ዝቅ አድርጋ በልጅቷ ልክ መታችላት፣ ልጅቷ ቀና አለችና መዳፏን ዘርግታ መታች። ሰው እያየሽ ድምፅ ማውጣት፣ ልምምዱ እሱ ነው። ግን ለብቻው አይበቃም፣ ለሶሻል አንዛይቲ በደንብ የተጠናው ሲ ቢ ቲ የሚባለው ነው፣ የሚፈሩትን ነገር ትንሽ በትንሽ እየቀረቡ መልመድ፣ ለአንዳንዱ ሰው መድኃኒትም ይታዘዛል። ኢርፎኑ ደግሞ መሸሺያ ከሆነ ፍርሃቱን ነው የሚያቆየው።

የወሎ ልጅ (ዴንቨር)
ደሴ ስትይ ሆዴ ተላወሰ። እኔም ስመጣ እንደዛ ነበርኩ፣ ፓርኪንግ ሌሊት እሠራ ነበር፣ መኪና ሰጥቶኝ የሚሄድ ሰው ጉድ ናይት ሲለኝ እንኳን መልሱ ጉሮሮዬ ላይ ይቀር ነበር። ብር ስልክላቸው ቤተሰብ ያመሰግናል፣ አንተ እንዴት ነህ የሚል ግን የለም። ባቲና አምባሰል የኛ አገር ቅኝት ነው፣ ልጁን ከበሮ ከሚያስይዙት ያደገበትን ቢያገኝ አይሻልም? ክራር ይመታል እንዴ?

ዲያቆን (ዳላስ)
እማማ ያሉትን አትናቁ። አንደኛ ሳሙኤል 16፥23 ላይ ሳኦል መንፈስ ሲያስጨንቀው ዳዊት በገና ሲደረድርለት ይቀለው ነበር። አስሩን አውታር ትቶ ፈረንጅ ጋ ከበሮ ለመምታት ገንዘብ መክፈል ለኔ አይገባኝም። ሰንበት ትምህርት ቤት በገና የሚያስተምሩ አሉ፣ በነጻ፣ ጉባኤ ፊት ሲዘምር ፍርሃቱ ይለቀዋል።

ነርሷ (ሚኒያፖሊስ)
ዲያቆን፣ ጠበሉንም በገናውንም ማንም አልናቀም፣ እኔም እሁድ እሁድ ቤተክርስቲያን ነኝ። ግን ልጁ የሸሸው ከክርስትና ቤት ነው፣ የሸሸውም እኛን ነው። የማያውቁት ሰዎች መሃል አንድ ነገር ቢሳሳት ማታ ስልክ የሚደዋወልበት የለም፣ ጉባኤ ፊት ግን ሁሉም የማን ወንድም እንደሆነ ያውቃል። በገናውን ቤት ከአንድ መምህር ጋር ይጀምር፣ ጉባኤው ይቆይ።

እህቱ (ሲልቨር ስፕሪንግ)
ነርሷ ያልሽው ልክ ነው፣ ግሮሰሪ ፈረንጅ ቢያናግረው ይመልሳል። አበሻ ሲያይ ነው የሚብሰው፣ ምን ትማራለህ፣ ሥራ ጀመርክ፣ ለእማማ ትልካለህ ወይ እያሉ ይጠይቁታል። ክራር ይመታ ነበር፣ እዛው ደሴ ቀርቷል። የሐኪሙን ደብዳቤ ጠይቄያለሁ ጋሼ።

ጋሽዬ (አሌክሳንድሪያ)
እኔ ግን በዚህ አልስማማም። አበሻ ፊት ካልለመደ የት ሊለምድ ነው? ሲታመም የሚጠይቀው፣ ሲሞት የሚቀብረው አበሻ ነው። ልጆቻችንን ከኛ እያራቅን ለባዕድ እየሰጠን ነው።

ነርሷ (ሚኒያፖሊስ)
ጋሼ፣ ማራቅ አይደለም። ምግብ ላይ የተቀመጠን ልጅ ደመወዙን ባንጠይቀው ራሱ ይቀርበናል። እኛም የምንተወው ነገር አለ።

ዲያቆን (ዳላስ)
ሰላምታ መስጠትም ጥፋት ሆነ ማለት ነው? ሽማግሌ ስለ ወጣቱ ካልጠየቀ ማን ይጠይቅ?

የወሎ ልጅ (ዴንቨር)
እህቴ፣ የአክስቴ ልጅ በነሐሴ ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ ሁለቱም 23 ኪሎ ሻንጣው በበርበሬና በሽሮ ተይዟል፣ ግን ክራሩን በእጅህ ያዝለት ብዬዋለሁ፣ አየር መንገዱን ይጠይቃል። ከደሴ እስከ አዲስ አበባ የሚያደርሰው ሰው ካለሽ ኢንቦክስ ጻፊልኝ፣ አውታሩን ፈታ አድርገው እንዲጠቀልሉት ንገሪያቸው።