ጁገል ውስጥ የተነሳች ሙሽራ፦ ጉንጯ አረንጓዴ፣ ቆዳዋ ፕላስቲክ እየሆነብኝ ነው

ሳቢያን_ሌንስ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ሐረር ጁገል ውስጥ፣ አረንጓዴ ከተቀባ ግድግዳ ጎን የተነሳ የሙሽራ ፖርትሬት በፎቶሾፕ እየሠራሁ ነው። ሰዓቱ ወደ አምስት ሰዓት ስለነበር ፀሐዩ ከላይ ነው። ወደ ግድግዳው ያለው ጉንጯ አረንጓዴ ይላል፣ ግንባሯና አፍንጫዋ በላብ ያበራል። ሰርፌስ ብለር (ቆዳ የሚያለሰልሰውን ማጣሪያ) ስሰጠው ቆዳው ፕላስቲክ ይመስላል። አረንጓዴውን ለማጥፋት ማጀንታ (የአረንጓዴ ተቃራኒ የሆነውን ቀለም) ስጨምር ደግሞ ሌላኛው ጉንጭ ይቀላል፣ ነጩ ሻርፕም ሮዝ ይሆናል። ፋይሉ 24 ሜጋፒክስል ራው (ያልተነካ የካሜራ ጥሬ ፋይል) ነው፣ የሚታተመው 30 በ40 ሴንቲ። ከየቱ ልጀምር?

ባድሮ_በር፦
ከቀለሙ ጀምር፣ ቆዳውን ገና አትንካው። አረንጓዴው ከግድግዳው ተንፀባርቆ ፊቷ ላይ ያረፈ ብርሃን ነው። በጁገል ጠባብ መንገዶች ፀሐይ የመታው ግድግዳ ራሱ እንደ መብራት ያበራል፣ የሚያበራውም በአንድ ጎን ብቻ ነው። አንተ ማጀንታውን ለሙሉው ፎቶ ሰጥተኸው ነው ሌላው የተበላሸው።

ካሜራ ራው (የፎቶሾፕ ራው መክፈቻ) ላይ ዋይት ባላንሱን፣ ማለት የነጩን ማስተካከያ፣ ፀሐይ ካረፈበት የሻርፑ ክፍል ውሰድ፤ ነጩ ግን የተቃጠለ እንዳይሆን። ሃይላይቱን ከ30 እስከ 50 ቀንስና በ16 ቢት ክፈተው። ቀጥሎ የከርቭስ ሌየር (ብርሃንና ቀለም የሚያስተካክል ድርብ) ጨምር፣ ማስኩን በኮንትሮል አይ አጥቁረው፤ ማስክ ላይ ጥቁር ለውጡን ይደብቃል፣ ነጭ ያሳያል። ለስላሳ ብራሽ ያዝ፣ ፍሎው 10 በመቶ፣ የተበከለውን ጎን ብቻ በነጭ ቀባ። አገጭ ሥር፣ ጆሮና የአንገቱን ጎን አትርሳ። ብዙ ሰው ጉንጩን አጽድቶ አንገቱን አረንጓዴ አድርጎ ይተወዋል።

ምን ያህል ልቀንስ ካልክ ዓይንህን ብቻ አትመን፣ የቀለሙን ቁጥር የሚያሳየውን ኢንፎ ፓነል ክፈት። ጠይምም ሆነ ቀይ ሰው፣ በንጹሕ ብርሃን ቆዳው ላይ ቀዩ ከአረንጓዴው፣ አረንጓዴው ከሰማያዊው ይበልጣል። በካለር ሳምፕለር አንድ ነጥብ ደህናው ጉንጭ ላይ፣ አንድ የተበከለው ላይ አስቀምጥ። ለምሳሌ በቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ተራ ደህናው 142፣ 98፣ 76 ቢልና ጥላ ያለበት የተበከለው 105፣ 86፣ 60 ቢል፣ ያው ቆዳ በጥላ ሲሆን ወደ 105፣ 72፣ 56 መምጣት ነበረበት። ስለዚህ የአረንጓዴውን ቻናል መካከለኛ ክፍል በደንብ፣ ሰማያዊውን ጥቂት ታወርዳለህ። ጉንጩ ከጠቆረብህ የሌየሩን ብሌንዲንግ ሞድ (ከሥሩ ካለው ጋር የሚዋሃድበትን መንገድ) ወደ ከለር ቀይረው።

ከዚራ_ሪታች፦
ቀለሙ ላይ ከባድሮ ጋር ነኝ። ፕላስቲክ የሚሆንብህ ሰርፌስ ብለር የቆዳውን ቀዳዳና ጥቃቅን መስመር ከነነጠብጣቡ ስለሚጠርግ ነው። የቆዳውን ሸካራነትና የቀለሙን መዝጎርጎር በሁለት ሌየር ለያያቸው፤ ፍሪኩዌንሲ ሴፓሬሽን የሚሉት ነው። ፎቶውን ሁለት ጊዜ በኮንትሮል ጄ አባዛ። ታችኛውን ቅጂ ጋውሲያን ብለር ስጠው፣ የቆዳው ቀዳዳ ልክ እስኪጠፋ ድረስ። በዚህ ፋይል፣ ፊቷ ከወገብ በላይ ከተነሳ ከ6 እስከ 10 ፒክስል ይበቃል። ላይኛው ላይ አፕላይ ኢሜጅ፦ ሌየሩ የታችኛው ቅጂ፣ ብሌንዲንግ አድ፣ ኢንቨርት ምልክት ይደረግበት፣ ስኬል 2፣ ኦፍሴት 0። ይህ ለ16 ቢት ነው፤ በ8 ቢት ከሆነ ሰብትራክት፣ ስኬል 2፣ ኦፍሴት 128። ከዚያ የላይኛውን ሞድ ሊኒየር ላይት አድርገው። ፎቶው እንደ መጀመሪያው ካልታየህ ቁጥር ተሳስተሃል፣ ሳትቀጥል ተመለስ።

ብጉርና የተበተነ ፀጉር በሂሊንግ ብራሽ ላይኛው ላይ ይነሳል፣ ሳምፕሉ ከረንት ሌየር ይሁን። የቀለም መዝጎርጎሩን ታችኛው ላይ በላሶ ክበብና፣ ፌዘር (የጠርዝ ማለስለሻ) ከ15 እስከ 30 ፒክስል ሰጥተህ በትንሹ ብለር አድርገው። ከፀጉር ጠርዝና ከከንፈር ዳር ራቅ፣ ቀለሙ ይፈሳል።

ሳቢያን_ሌንስ፦
አቦ ተባረኩ! ጉንጩ ተስተካከለ። አሁን የላቡ ብርሃን ቀረኝ። ሂው ሳቹሬሽን ላይ ቀዩን ስቀንስ ደግሞ የእጇ ሂና ደበዘዘ።

ቀለምና_ወረቀት፦
ሂናው የደበዘዘው ከቆዳዋ ቀለም ጋር በአንድ ቀይና ብርቱካናማ ክልል ውስጥ ስላለ ነው። ወርቁም አብሮ ይሞታል። የሳቹሬሽን ሌየሩን ማስክ እጁና ጌጡ ላይ በጥቁር ቀባው። የሐረር ሙሽራ ሂናዋ ከጠፋ ፎቶው ምኑ ቀረ!

ላቡን በተመለከተ መጀመሪያ ቁጥሩን እይ። ሦስቱም ቻናል (ቀዩ፣ አረንጓዴውና ሰማያዊው) የመጨረሻውን 255 ካሉ እዚያ የቆዳ መረጃ የለም፣ ከርቭስ ብታወርደው ግራጫ ነጠብጣብ ነው የሚወጣልህ። አዲስ ባዶ ሌየር፣ ሞዱ ዳርከን፣ ቀለሙን ከጎኑ ካለው ጤናማ ቆዳ ቅዳ፣ ፍሎው 5 በመቶ ቀባ፣ ኦፓሲቲውን 25 አካባቢ አድርግ፣ ከዚያ 1 ወይም 2 በመቶ ኖይዝ ጨምርበት። ሁሉንም ግን አታጥፋው። ጠይም ፊት ላይ የግንባርና የጉንጭ ቅርጽ የሚታየው በዚሁ ብርሃን ነው፤ ጨርሰህ ካደበዘዝከው ፊቱ ጠፍጣፋ ይሆናል። ግማሹን መቀነስ ይበቃል።

ከዚራ ካለው በአንድ ነገር እለያለሁ፦ ታችኛውን ሌየር ብለር ማድረግ ቶሎ ያስጎመጃል፣ ሳታስበው የአጥንቱን ጥላ ትበላለህ። ጊዜ ካለህ በዶጅና በርን ሥራው። ሁለት ከርቭስ፣ አንዱ የሚያበራ፣ አንዱ የሚያጠቁር፣ ማስካቸው ጥቁር፣ ብራሽ ፍሎው 1 ወይም 2 በመቶ። ከላይ ጊዜያዊ የብላክ ኤንድ ዋይት ሌየር አስቀምጥ፣ መዝጎርጎሩ ወዲያው ይታይሃል። ጠባሳ፣ ንቅሳትና ማርያም የሳመችው ሳይጠየቅ አይነሳም። ቆዳዋንም አታንጣ፣ እባክህ። ደንበኛዋ ራሷን ልታይ ነው የምትከፍልህ።

ለህትመት፦ ወደ 3 ለ 4 ስትቆርጠው 4000 በ5333 ፒክስል ይተርፍሃል፤ 30 በ40 ሴንቲ በኢንች 300 ፒክስል ሲታተም የሚፈልገው 3543 በ4724 ስለሆነ በቂ ነው። ማተሚያ ቤቱ የራሱን ፕሮፋይል (የቀለም መግለጫ ፋይል) ካልሰጠህ ወደ ኤስአርጂቢ፣ ወደተለመደው የቀለም ክልል፣ ቀይረህ በ8 ቢት ጄፔግ ስጥ። ወረቀት በራሱ አያበራም፤ የስክሪኑ ብርሃን 100 በመቶ ላይ ከሆነ ፊቷ ሲታተም ጠቁሮ ይመጣል። መለኪያ ካለህ በ80 እና 120 ካንዴላ በስኩዌር ሜትር መካከል አድርገው። ከሌለህ ፊቷን ብቻ ቆርጠህ እንዳለ፣ ትንሽ ፈካ ብሎና ይበልጥ ፈካ ብሎ በአንድ 10 በ15 ወረቀት ላይ ደርድርና አሳትም። የመጣውን ደጅ ጥላ ሥር ይዘህ እየው፤ ኒዮን መብራት ሥር ካየኸው አረንጓዴው ያልጠፋ ሊመስልህ ይችላል።