ዲናሞው 80 አምፒር ነው፤ ፓውዛ፣ ፍሪጅና ኢንቨርተር ይችላል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ባለ 55 ዋት ሁለት ፓውዛ፣ 60 ዋት የሚወስድ የመኪና ፍሪጅና ባለ 1000 ዋት ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል እንደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚያደርግ) አስገጥሜያለሁ። ማታ ሁሉም ሲበራ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳልሰጠው) ባትሪው ላይ 12.4 ቮልት ይነበባል፤ ነዳጅ ስሰጠው 13.3 ይደርሳል። ባትሪው አዲስ ነው። ሁለተኛ ባትሪ ልጨምር ወይስ ዲናሞውን ልቀይር?

መልስ 1፦ ባትሪ ያጠራቅማል እንጂ አያመነጭም፤ ሁለተኛውንም የሚሞላው ያው ዲናሞ ነው። ፓውዛዎቹ 9፣ ፍሪጁ 5 አምፒር ቢወስዱ ነው፤ ይህ ቀላል ነው። ኢንቨርተሩ ግን ሙሉ 1000 ዋት ከተጫነበት ወደ 95 አምፒር ይስባል፤ ብቻውን ከዲናሞው አቅም በላይ ነው። መኪናው ራሱም ለነዳጅ ፓምፕ፣ ለካንዴላና ለፊት መብራት 35 አምፒር አካባቢ ይፈልጋል። ዲናሞው ላይ የተጻፈው 80 ደግሞ በከፍተኛ ዙር የሚገኘው ነው፤ በሚኒሞ ብዙ ጊዜ ግማሹ ቢገኝ ነው። ኢንቨርተሩ ላይ ምን ትሰካለህ?

ጠያቂ፦ ላፕቶፕና ቻርጀር ብቻ፤ ቢበዛ 150 ዋት።

መልስ 2፦ እንግዲያው 14 አምፒር ነው፤ ድምሩ 63 ይሆናል። በሚኒሞ መውረዱ የሚጠበቅ ነው። ነዳጅ እየሰጠኸው 13.3 ላይ መቅረቱ ግን ልክ አይደለም፤ ወደ 14 መጠጋት ነበረበት። ዲናሞ ከመግዛትህ በፊት ይህን ለካ፦ ሁሉም እንደበራ ሞተሩን በ2000 ዙር ያዘውና የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ ዲናሞው ጀርባ ወፍራሙ ገመድ የታሰረበት ብሎን ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ አሳርፍ። ከ0.3 ቮልት በላይ ካሳየ ገመዱ ወይም አስተሳሰሩ ችግር አለበት። ቀጥሎ በዲናሞው አካልና በባትሪው ኔጌቲቭ መካከል ለካ፤ ከ0.2 ማለፍ የለበትም። እጅህንና የልብስህን ጫፍ ዲናሞውን ከሚያዞረው ቺንጋ አርቅ።

ጠያቂ፦ ፖዘቲቩ 0.1፣ ኔጌቲቩ 0.6 አለኝ።

መልስ 2፦ ተገኘ ወንድሜ! የጎደለህ 0.7 ቮልት እዚያው ነው የቀረው። ሞተሩን አጥፋ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀል፤ ከዚያ ከሞተሩ ወደ ሻሲ (የመኪናው የብረት አካል) እና ወደ ባትሪ የሚሄዱትን ገመዶች ፈትተህ ዝገቱንና ቀለሙን ብረቱ እስኪያበራ በሽቦ ብሩሽ ጥረግ። የገመዱ ክሮች አረንጓዴ ሆነው ካገኘሃቸው በ25 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ ቀይር። ሞተሩ እየሠራ ግን ባትሪ እንዳትነቅል፤ ቮልቱ በድንገት ይዘልና የዲናሞውን ዳዮድና የመኪናውን ኮምፒውተር ያቃጥላል።

መልስ 3፦ የኢንቨርተሩ ገመድ በቀጥታ ከባትሪው ይነሳ፤ ፊውዙ ከባትሪው ከ20 ሴንቲሜትር ባይርቅ ይሻላል። ፊውዝ የሚመረጠው በገመዱ ውፍረት ነው፤ ቀጭን ገመድ ላይ ትልቅ ፊውዝ ማለት እሳት ነው። ፓውዛዎቹን በሪሌ (በትንሽ ኃይል ትልቁን በሚያበራና በሚያጠፋ ማብሪያ) አሠራቸው፤ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦና 15 አምፒር ፊውዝ ይበቃል። በሚኒሞ ለረጅም ጊዜ ስትቆም ፓውዛውን አጥፋ።