የኩፕረን ሥራ ለሐዋሳ ሰው እንዴት ይቅረብ?

የሐዋሳዋ ቫዮሊን
ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ቫዮሊንና አንድ ኪቦርድ ይዘን እዚህ ሐዋሳ፣ ሐይቁ አጠገብ ባለ አዳራሽ ልንጫወት ነው። የመረጥነው ፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ ፍራንሷ ኩፕረን እ.ኤ.አ. በ1725 ለሌላው የሙዚቃ ደራሲ ለሉሊ መታሰቢያ ያሳተመውን ሥራ ነው። ሉሊ ያኔ ከሞተ 38 ዓመቱ ነው። ኩፕረን ግን ሙሾ አላወረደለትም። አፖሎ የሚባለው የግሪኮች የሙዚቃ አምላክ መጥቶ ቫዮሊን ይሰጠዋል፤ ሉሊም የኪነ ጥበብ ተራራ በሚባለው ፓርናሰስ ላይ ይወጣል። እዚያ ጣሊያናዊው የሙዚቃ ደራሲ ኮሬሊ ይጠብቀዋል። አቀባበሉ ሞቅም ቀዝቀዝም ያለ ነው። አፖሎ ግን የሁለቱ አገር ሙዚቃ ሲዋሃድ ነው የሚያምረው ብሎ ያሳምናቸዋል። ከዚያ መጀመሪያ ሉሊ ዜማውን ይዞ ኮሬሊ ያጅበዋል፤ ቀጥሎ ይቀያየራሉ።

ኮሬሊን የምጫወተው እኔ ነኝ። ጓደኞቼ «ሰው ሁለቱንም አያውቃቸውም፤ ታሪኩ ይቅርና ዝም ብለን እንጫወት» ይላሉ። እኔ ደግሞ ታሪኩ ከቀረ ጨዋታው ግማሹ ይሞታል ባይ ነኝ። ምን ትላላችሁ?

ባለኪቦርዱ
አንብቡላቸው እንጂ! ርዕሶቹን በየክፍሉ አናት ላይ የጻፋቸው ራሱ ኩፕረን ነው። በየክፍሉ አንዲት ዓረፍተ ነገር ትበቃለች፤ ማይኩን ግን ለመድረክ መሪ እንዳትሰጡ፣ አይመልስላችሁም። የሉሊ ዘመን የሙዚቃ ደራሲዎች ከምድር በታች ሲያጉረመርሙ የሚሰማበት ክፍል አለ አይደል? ምቀኝነትን የማያውቅ አድማጭ የት አለ! ሃርፕሲኮርድ (ከፒያኖ በፊት የነበረው ባለቁልፍ መሣሪያ) የለንም ብላችሁም አትጨነቁ። ኩፕረን ራሱ ከቤተሰቡና ከተማሪዎቹ ጋር በሁለት ሃርፕሲኮርድ ብቻ ይጫወተው ነበር፤ መሣሪያ መቀየሩን አይጠላም። ባትሪ የሚቀበል ኪቦርድ ግን ፈልጉ። መብራት ከሄደ አፖሎም አያድናችሁም።

አሞራ ገደል
እህቴ፣ ሉሊ እኮ የፍሎረንስ ልጅ ነው! ጣሊያን ተወልዶ ፈረንሳይ አደገና የፈረንሳይ ሙዚቃ ዋና ሰው ሆነ። ይህን መጀመሪያ ላይ ንገሪያቸው። ግማሹ ሐዋሳ ከሌላ ቦታ መጥቶ የሐዋሳ ሰው የሆነ ስለሆነ ወዲያው ይገባዋል።

ታቦር ሥር
ይቅርታ አድርጉልኝና፣ የፈረንጅ ሙታን ማክበሩ ለእኛ ምን ይጠቅማል? የእኛ የማሲንቆና የክራር አባቶች ማን አስታወሳቸው?

የሐዋሳዋ ቫዮሊን
@ታቦር ሥር፣ ቁጭትህ የእኔም ነው። ይህን የመረጥኩትም ለዚያ ነው፤ አሠራሩን መማር እፈልጋለሁ። ኩፕረን ሉሊን በቃል ብቻ አላሞገሰውም። በሉሊ የአጻጻፍ ስልት ጻፈለት። ኖታው ላይ እንኳ የሉሊ መስመር በፈረንሳይ ቁልፍ (የኖታውን ቦታ በሚያሳየው ምልክት)፣ የኮሬሊ በጣሊያን ቁልፍ ነው። በእኛ ሲሆን አንዱ ቫዮሊን የማሲንቆውን አገዛገዝ ይይዛል፣ ሌላው ክሩን በጣቱ እየቆነጠረ የክራሩን አመታት ያወጣል፣ ከዚያ ይቀያየራሉ። ማሲንቆ የሚጫወት ሰው እዚህ ካለ ይጻፍልኝ።

@ባለኪቦርዱ፣ ርዕሶቹን ዛሬውኑ በአማርኛ እጽፋለሁ። ባትሪ የሚቀበል ኪቦርድ ሐዋሳ ውስጥ የሚያከራይ ታውቃለህ?