ተማሪዎቼን ለመጀመሪያው የሥራ ቃለ መጠይቅ እንዴት ላዘጋጃቸው?

ጥያቄ፦ መምህርት፣ ደብረ ብርሃን

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን በሚገኝ አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 12ኛ ክፍል አስተምራለሁ። የፈተናው ነገር የታወቀ ነው። በ2015 ዓ.ም ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ትንሽ ተሻሽሏል፤ ያም ሆኖ አብዛኛው ልጅ በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ አይገባም። ብዙዎቹ ሥራ ፍለጋ ይወጣሉ። ፋብሪካ፣ ሆቴል፣ ካፌ፣ ሱቅ። እኛ ግን ስለ ሥራ የምንነግራቸው ነገር የለም።

ርእሰ መምህሩ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ክፍል ስለፈቀዱልኝ ልምምድ ጀምረናል። ችግሩ ልጆቹ አይናገሩም። አንዷን ጎበዝ ልጅ «እስቲ ስለራስሽ ንገሪን» ስላት አንገቷን ደፍታ «ምንም የለኝም» አለችኝ። ይህች ልጅ ከትምህርት መልስ የእናቷን ጉሊት ትይዛለች። የሰፈሩን ሴቶች የዕቁብ መዝገብ የምትጽፈውም እሷ ናት። ከዚህ በላይ ምን ይምጣ? ግን ከአፏ አይወጣም። ወንዶቹ ደግሞ ፎቶ ኮፒ ቤት ያሠሩትን ሲቪ እንደ ግጥም ሸምድደው ይመጣሉ።

ሁለት ነገር ልጠይቃችሁ። ቀጣሪ ፊት ቀርበው እንዲናገሩ እንዴት ላለማምዳቸው? ከተቀጠሩ በኋላስ እንዳይታለሉ ምን ማወቅ አለባቸው?

መልስ፦ የሰው ኃይል ባለሙያ፣ አዲስ አበባ

መምህርት፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ጀማሪ ሠራተኞችን በመቅጠር ብዙ ዓመት ስለቆየሁ ያየሁትን ልንገርዎ።

ልጆቹ ዝም የሚሉት የሚሉት ጠፍቶ አይደለም። ትልቅ ሰው ፊት ስለራስ ማውራት ጉራ ነው፣ ነውር ነው ተብለው ነው ያደጉት። ያን አስተዳደግ አይንኩባቸው። ጨዋነታቸውን ቀጣሪም ይወደዋል። ጥያቄውን ይቀይሩላቸው። «ምን ዓይነት ሰው ነሽ?» ከማለት «ትናንት ከትምህርት ቤት ወጥተሽ ማታ እስክትተኚ ምን ስትሠሪ ዋልሽ?» ይበሏት። ያኔ ታወራለች። «ታማኝና ታታሪ ነኝ» የሚለውን ሁሉም ይለዋል፤ እኛም ሰምተን እናልፈዋለን። «ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ የእናቴን ጉሊት እይዛለሁ፤ የዕቁብ ሒሳብ እጽፋለሁ፤ በየሳምንቱ ማን እንደከፈለና ማን እንደቀረ ለዳኛው አሳውቃለሁ» ብትለኝ ግን ቀና ብዬ አያታለሁ። የሠራችውን ነው የተናገረችው። ጉራ የለበትም። ለገንዘብ ተቀባይነት ሰው ብፈልግ ዲግሪ ካለው በፊት እሷን አስባታለሁ።

ሲቪው አንድ ገጽ ይበቃል። ከፎቶ ኮፒ ቤት የሚወጡት ሁሉ አንድ ናቸው፤ ስሙን ከሸፈኑት የማን እንደሆነ አይታወቅም። ስም፣ ስልክ፣ የት ድረስ እንደተማሩ፣ ከዚያ እስከ ዛሬ የሠሩት ነገር። በቤተሰብ ሱቅ መቆም፣ በሚኒ ሚዲያ ማንበብ፣ የክፍል አለቃ መሆን፣ የቀይ መስቀል ክበብ፣ ክረምት ላይ የቀን ሥራ፣ ሁሉም ይገባል። ስልኩ ላይ አደራ። መርጠናቸው፣ ስንደውል ስልካቸው ዝግ ሆኖ ያጣናቸው ልጆች ብዙ ናቸው። የራሱ ስልክ የሌለው የእናቱን ወይም የጎረቤቱን ይጻፍ። ግን የማን እንደሆነ አጠገቡ ይግለጽ፤ ለባለስልኩም አስቀድሞ ይንገር።

ልምምዱ ላይ ጠያቂዋ እርስዎ ባይሆኑ ይመረጣል። እርስዎን ለምደዋል። የማያውቁትን ሰው ይጋብዙ። የባንክ ሠራተኛ ይሁን የሆቴል ኃላፊ፣ ብቻ እንግዳ ይሁን። ከበሩ ይጀምሩ። ያንኳኳሉ፣ ይገባሉ፣ ሰላም ይላሉ፣ ተቀመጡ እስኪባሉ ቆመው ይጠብቃሉ። ሲነገር ቀላል ነው፤ እጃቸው የሚንቀጠቀጠው ግን እዚያ ላይ ነው። አንዴ በአካል ካደረጉት ሁለተኛው ይቀላቸዋል። ዓይን ማየት ለከበደው ልጅ የጠያቂውን ቅንድብ ማየት ይበቃዋል። ከማዶ ልዩነቱ አይታወቅም።

አንድ የማይታሰብ ነገር ልጨምር። «አዎ» ለማለት ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን። እኛ እንግባባበታለን። እናንተ ጋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ስላለ የሚጠይቃቸው የውጭ አገር ሰው ሊሆን ይችላል። እሱ የደነገጡ ነው የሚመስለው። «አዎ»ን አፋቸውን ከፍተው እንዲሉት ያስለምዷቸው። እንግሊዝኛ የሚጠየቁም አሉ። ረጅም ንግግር መሸምደድ አይጠቅምም፤ መሀል ላይ አንድ ቃል ሲጠፋ ሁሉም ይጠፋል። ስማቸውን፣ የተማሩትን፣ የሠሩትንና መቼ መጀመር እንደሚችሉ በአራት አጭር ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻሉ በቂ ነው።

መልስ፦ ካሸር፣ ሐዋሳ

ሰላም ቲቸር። እኔም 12ኛን እንደጨረስኩ ነው ሥራ የገባሁት። አሁን ሱፐርማርኬት ውስጥ ካሸር ነኝ። ትምህርት ቤት ማንም ያልነገረኝን ልናገር።

መጀመሪያ ሰዓት። «ነገ 8:30 ይቅረቡ» የሚል ሜሴጅ ቢመጣላቸው በሀበሻ ነው በፈረንጅ? በፈረንጅ ከሆነ ጠዋት 2:30 ነው። በሀበሻ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ነው። አብራኝ የተጠራች ልጅ በዚህ ምክንያት ቀርታለች። ደውለው ይጠይቁ፤ ምንም አያሳፍርም።

ሌላው ስም ነው። ስማቸው በትራንስክሪፕቱ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈበትና በፋይዳ ላይ ያለው በአንድ ፊደል ከተለያየ የደሞዝ አካውንት ሲከፈት ጣጣ አለው። የልደት ቀንም እንደዚሁ፤ አንዱ ላይ በኢትዮጵያ፣ ሌላው ላይ በፈረንጅ ተሞልቶ ሊሆን ይችላል። አሁን ትምህርት ቤት እያሉ ቢያስተካክሉት ቀላል ነው። ከወጡ በኋላ መመላለሱ ያደክማል።

እኔን የጠየቁኝ «ሒሳብ ቢጎድልብሽ ምን ታደርጊያለሽ?» ብለው ነው። «ወዲያው ለሱፐርቫይዘሬ እናገራለሁ፣ አብረን እንቆጥራለን» አልኩ። ከገባሁ በኋላ ስገነዘብ ቀጣሪዎች የሚፈሩት መጉደሉን ብቻ አይደለም፤ መደበቁን ነው። ይህን ጥያቄ በልምምዱ ላይ ቢያስገቡት ጥሩ ነው።

እና ደግሞ ብር። ደሞዝ የሚከፈለው ወር ሲሞላ ነው። እስከዚያ የታክሲና የምሳ ያስፈልጋቸዋል። ሥራ አግኝተው በዚህ የተነሳ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ያቋረጡ አሉ። ከቤተሰብ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩበት።

መልስ፦ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ባለሙያ የነበርኩ፣ ደሴ

ልጄ፣ ሁለተኛውን ጥያቄሽን እኔ ልመልስ። መነሻው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው።

በመጀመሪያ ዕድሜያቸውን እዪ። ከ15 ዓመት በታች መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ያለው «ወጣት ሠራተኛ» ይባላል። በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት አይቻልም። ትርፍ ሰዓት፣ የሳምንት ዕረፍትና የሕዝብ በዓል ላይም አይታዘዝም። 12ኛ ክፍል ውስጥ 17 ዓመት የሆናቸው ስላሉ ይህን ይወቁት። 18 የሞላው መደበኛ ሰዓቱ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው።

የሙከራ ጊዜ የሚባል አለ። ቢበዛ 60 የሥራ ቀናት ነው፤ በጽሑፍ መሆን አለበት። በዚያ ጊዜ አሠሪው ብቁ አይደለህም ብሎ ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይችላል። ሠራተኛውም ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል። በሙከራ ላይ ነህና ደሞዝ የለህም የሚል አሠሪ ካጋጠማቸው ግን ሕግ የለውም። የሠሩበት ይከፈላቸዋል።

ውሉን ሳያነቡ አይፈርሙ፤ ቅጂውን ይጠይቁ። የሥራው ዓይነት፣ ቦታው፣ ደሞዙ፣ የአከፋፈሉ ሁኔታና ውሉ የሚቆይበት ጊዜ ተጽፎ ይገኝ። ውሉ በቃል ከሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ይህንኑ በጽሑፍ አስፍሮና ፈርሞ የመስጠት ግዴታ አለበት። «ደሞዙ ይህን ያህል ነው» ሲባሉ «ያልተጣራ ነው ወይስ እጄ ላይ የሚደርሰው?» ብለው ይጠይቁ። ለጡረታ ከሠራተኛው 7 በመቶ ይቆረጣል፤ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። የሥራ ግብርም አለ። ይህን ያልሰማ ልጅ የመጀመሪያ ደሞዙን ሲያይ የተሰረቀ ይመስለዋል።

ዕቃ ተሰበረ፣ ሒሳብ ጎደለ ተብሎ አሠሪ እንደፈለገ ከደሞዝ አይቆርጥም። ሕጉ፣ አሠሪውና የሠራተኛ ማኅበሩ የተዋዋሉት የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንቡ ወይም ፍርድ ቤት ካልፈቀደ፣ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ አይቻልም። ቢቆረጥም በአንድ ጊዜ ከወር ደሞዙ ከአንድ ሦስተኛ አይበልጥም። ሥራ ሲለቁ ደግሞ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ሳይዙ እንዳይወጡ። ምን እንደሠሩ፣ ምን ያህል እንደቆዩ፣ ደሞዛቸውም ስንት እንደነበር የሚገልጽ ማስረጃ መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው። ስድስት ወር ቢሆንም ይያዙት። «ልምድ ያለው» ለሚለው ማስታወቂያ ሁሉ መነሻቸው እሱ ነው።

ሥራ አስገባሃለሁ ብሎ ቅድሚያ ብር የሚጠይቅን ሰው ይራቁ። ፈቃድ ያለው የሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ከሠራተኛ ገንዘብ እንዲቀበል አይፈቀድለትም።

አስተያየት፦ የሁለት ልጆች አባት፣ አዲስ አበባ

ለምን ቴክኒክና ሙያ አይገቡም? ሙያ ተምረው፣ ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና ተፈትነው ቢወጡ የተሻለ ይቀጠራሉ። በ18 ዓመቱ ፋብሪካ የገባ ልጅ እዚያው ይቀራል።

መልስ፦ መምህርት፣ ደብረ ብርሃን

አባቴ፣ እኔም ቢማሩ ደስታዬ ነው፤ የሚገቡም አሉ። ግን ግማሾቹ ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው ነው የሚማሩት። ስንቃቸው ከቤት ነው የሚመጣው። 12ኛን ሲጨርሱ ስንቁ ይቆማል። እነዚህ ሥራ ይዘው የማታ ቢማሩ እንጂ ሌላ መንገድ የላቸውም።

መልስ፦ የሆቴል መስተንግዶ ኃላፊ፣ ባሕር ዳር

እህቴ፣ ስለ ሴቶቹ ማንም ስላላነሳ ላንሳው። ሴቶቹን ለብቻ ሰብስቢያቸውና በግልጽ ንገሪያቸው። ቃለ መጠይቅ በሥራ ሰዓት፣ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ነው። «ማታ ካፌ እንገናኝና ስለ ሥራው እናወራለን» የሚል ሰው ሥራ የለውም። የትም ሲሄዱ ድርጅቱን፣ ሰፈሩንና የጠራቸውን ሰው ስልክ ለቤተሰብ ወይም ለጓደኛ ትተው ይሂዱ። አብሯቸው ሰው ሄዶ ውጭ ቢጠብቅ ማንም ቀጣሪ ቅር አይለውም። እኔ ራሴ እናቷን አስከትላ የመጣች ልጅ ቀጥሬያለሁ፤ ዛሬ የፈረቃ መሪ ናት። በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳ በዚያው አዋጅ የተከለከለ ነው። ይህን ማወቃቸው ብቻውን አያድናቸውም፤ ግን የደረሰባቸው ነገር የራሳቸው ጥፋት እንዳይመስላቸው ያደርጋል።

ስለ ፈረቃም ይጠይቁ። ማታ ስንት ሰዓት ይወጣሉ? ሰርቪስ አለ? ከሌለ በምን ይሄዳሉ? ጠያቂው «ጥያቄ አለሽ?» ሲል «የለኝም» ማለት የለባቸውም። ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ለሥራው ማሰባቸውን ያሳያል። ልብስ አዲስ መሆን የለበትም። የታጠበና የተተኮሰ ይሁን፤ ጥፍር ይቆረጥ፣ ጫማ ይወልወል። ለምግብ ቤት ሥራ መጀመሪያ የማየው እጅ ነው።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ መምህርት፣ ደብረ ብርሃን

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጥያቄ የመቀየሩን ነገር ዛሬውኑ እሞክረዋለሁ። አንድ የቀረኝ ተያዥ ነው። ገንዘብና ዕቃ የሚያስይዝ ሥራ ሁሉ ተያዥ ይጠይቃል። ከገጠር የመጡት ልጆች ደሞዝተኛ ዘመድ የላቸውም። እኔ ልፈርምላቸው?

መልስ፦ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ባለሙያ የነበርኩ፣ ደሴ

ልብሽ ደግ ነው፤ ግን ለሁሉም አትችዪም፤ በአንዱ ስም የሚመጣው ዕዳ ለሌሎቹ እንዳትሆኚ ያደርግሻል። ለአንድ ልጅ ብትፈርሚ እንኳ ወረቀቱን አንብቢ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ዋስትና በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠንም ካልተጠቀሰ አይጸናም። መጠኑ ያልተጻፈበትን፣ «ለሚያጠፋው ሁሉ» የሚለውን አትፈርሚ። ተያዥ የሚሆን ዘመድ ያላቸውም ይህንኑ ለዘመዳቸው ያስረዱ።

ተያዥ የሌላቸው ገንዘብ ከማያስይዝ ሥራ ይጀምሩ። ምርት ክፍል፣ ወጥ ቤት፣ ማሸጊያ። ቀጣሪውንም ፊት ለፊት ይጠይቁት፤ «ለዚህ ቦታ ተያዥ ግዴታ ነው?» ብለው። አንዳንዱ ለጥቂት ወራት አይቷቸው ወደ ካሸርነት ያዞራቸዋል። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ስለ ጠባያቸውና ስለ ክትትላቸው የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፍላቸው። ዋስ አይሆንም፤ ግን ከቀጣሪው ጋር ወሬ ያስጀምራል። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ምን ያህል በር እንደሚያስከፍት አንቺም ታውቂያለሽ።

መልስ፦ የሰው ኃይል ባለሙያ፣ አዲስ አበባ

በዚህ ላይ የምጨምረው፣ ደብዳቤው ላይ «ጠባዩ መልካም ነው» ብቻ አይጻፍ። «በዓመቱ ውስጥ አልቀረም»፣ «የላቦራቶሪ ቁልፍ ይይዝ ነበር» የሚል እውነተኛ ነገር ይግባበት። ከታች ቀጣሪው ደውሎ የሚጠይቅበት የትምህርት ቤቱ ስልክ ይኑር። እኛ እንደውላለን።