ለሥራ ወደ ሰሜን ሸዋ ለምትመጡ፦ ከልጅ ጋር የት ሰፈር ይሻላል?

ሰሞኑን ሦስት ሰዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። አንዱ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ ሥራ አግኝቶ ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን ይዞ ሊመጣ ነው። ሁለተኛዋ ሸዋ ሮቢት የተመደበች ነርስ ናት፤ የሚጠባ ልጅ አላት። ሦስተኛው ሥራው አረርቲ ነው። ሁሉም “የት ሰፈር ብንከራይ ይሻላል?” ነው የሚሉኝ። ለእያንዳንዳቸው በስልክ ከምደጋግመው እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው። እኔ ከአዳማ ተነስቼ ደብረ ብርሃን ከገባሁ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሁለት ልጆች አሉኝ። ስለዚህ ስለ ደብረ ብርሃን ረዘም አድርጌ፣ ስለሌሎቹ አጠር አድርጌ ነው የምናገረው።

መጀመሪያ የራሴን ስህተት ልንገራችሁ። ስመጣ ቤት የያዝኩት በስልክ ነው። ደላላው ፎቶ ላከልኝ። ሦስት ክፍል፣ ሊሾ ወለል፣ ሰፊ ግቢ፤ ኪራዩም ከመሃል ከተማው ቀነስ ያለ። ደስ ብሎኝ ቀብድ ላክሁ። ቤቱ በእርግጥም ፎቶው ላይ እንዳየሁት ነበር። ችግሩ ያለበት ቦታ ነው። ከተማዋ ዳር፣ አዲስ ማስፋፊያ ላይ ነው ያለው። የልጄ ትምህርት ቤት ደግሞ ከዋናው አስፋልት ማዶ።

ይሄ አስፋልት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚያልፈው ነው። ተሳቢው፣ አይሱዙው፣ አገር አቋራጩ ሁሉ ከተማዋን ሰንጥቆ ነው የሚሄደው። ልጄ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። አንድ የኅዳር ጠዋት፣ ጭጋጉ ገና ሳይገለጥ፣ ሁለት ጣቴን ይዛ መንገዱ ዳር ቆመናል። አንድ ተሳቢ አለፈ። ንፋሱ ያንገት ልብሷን ገፎ አስፋልቱ ላይ ጣለው። ጣቴን ለቅቃ ተከተለችው። በቦርሳዋ ማንጠልጠያ ነው የያዝኳት። ከኋላ ሌላ መኪና እየመጣ ነበር። ያን ቀን ሥራ ቦታ ገብቼ እጄ ሲንቀጠቀጥ ዋለ። በዚያው ሳምንት ሌላ ቤት መፈለግ ጀመርኩ።

እና ከዚያ ወዲህ ለጠየቀኝ ሰው ሁሉ የምመልሰው አንድ ነው። ትምህርት ቤቱን ቀድማችሁ ምረጡ፤ ቤቱን በዚያ ዙሪያ ፈልጉ። እናንተ ፋብሪካ ከሆነ የምትሠሩት ሰርቪስ ሊያደርሳችሁ ይችላል፤ ባይኖር እንኳ ባጃጅ አለ። ልጅ ግን በእግሩ ነው የሚሄደው። ትንሹ ልጃችሁ ዋናውን አስፋልት ሳይሻገር የሚደርስበት ትምህርት ቤት ካገኛችሁ፣ ለዚያ ስትሉ ኪራይ ትንሽ ብትጨምሩ ወይም በአንድ ክፍል ብትጠቡ አይቆጫችሁም።

አሁን ወደ ሰፈሮቹ ልግባ።

መሃል ከተማው፣ ገበያውና ባንኮቹ ያሉበት አካባቢ፣ ለሁሉም ነገር ቅርብ ነው። መድኃኒት ቤት፣ ወፍጮ፣ ክሊኒክ በእግር ነው። ሌሊት ልጅ ቢታመም ሰው አታጡም። ግን ግቢዎቹ ጠባብ ናቸው፤ ብዙ ጊዜ ከአከራይና ከሌሎች ተከራዮች ጋር ነው የምትኖሩት። መጸዳጃ ቤቱ የጋራ ሊሆን ይችላል። ብዙዎቹ የድሮ የጭቃ ቤቶች ናቸው። በነገራችን ላይ ይሄን አትናቁት። በደንብ የተለሰነና ኮርኒስ ያለው የጭቃ ቤት ከብሎኬት ቤት ይልቅ ይሞቃል። እኔ አሁን የምኖረው እንዲህ ባለ ቤት ነው፤ ልጆቼም ያን ያህል አይስሉም።

በዩኒቨርሲቲው አካባቢ ያሉት ሰፈሮች ሞቅ ያሉ ናቸው። ምግብ ቤቱ፣ ፎቶ ኮፒው፣ ሱቁ እስከ ማታ ክፍት ነው። ለወጣት ባልና ሚስት ጥሩ ነው። ልጅ ላለው ግን ሁለት ነገር ይከብዳል። አንደኛ፣ አከራዮቹ ክፍል ከፋፍለው ለተማሪና ለነጠላ ሠራተኛ ማከራየት ነው የሚመርጡት፤ ሙሉ ቤት ማግኘት ጊዜ ይወስዳል። ሁለተኛ፣ ማታ ማታ ይጮኻል። ሕፃን ያላችሁ ከሆነ ከዋናው መንገድ ገባ ያለ ግቢ ፈልጉ።

ጠባሴ ከአዲስ አበባ ስትመጡ በመግቢያው በኩል ነው። ወደ አዲስ አበባ ለሚመላለስ ቤተሰብ ይመቻል፤ መሃል ከተማ ሳይገባ መኪና ይይዛል። እዚያም ቢሆን የአስፋልቱን ነገር አስቡበት። ልጃችሁ በየትኛው ጎን እንደሚማር እወቁና ቤታችሁን በዚያው ጎን አድርጉ።

ማስፋፊያ ሰፈሮቹ፣ ማለትም የማኅበር ቤቶችና አዳዲሶቹ ግቢዎች ያሉበት፣ ለዓይን ያምራሉ። ብሎኬት፣ ሰፊ ግቢ፣ ንጹሕ አየር። ልጅ እንደልቡ ይሮጣል። መኪና ላለውና ልጁን ራሱ ለሚያደርስ ሰው ጥሩ ምርጫ ነው። መኪና ከሌላችሁ ግን ሁለት ጊዜ አስቡ። ጭቃው ክረምት ላይ ባጃጁንም ጋሪውንም ያስቆማል። ውሃም እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል።

ጫጫ ላይ ተከራይቶ ደብረ ብርሃን የሚሠራ ሰው አውቃለሁ። ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኪራዩ ይቀንሳል፣ ኑሮው ጸጥ ያለ ነው። ግን ጠዋት ትራንስፖርት ጥበቃ የሚቆመው ብርድ ላይ ነው፤ በፈረቃ ለሚሠራ ደግሞ ማታ መመለሻ ጭንቅ ነው። ልጆቹ ዘመድ ጋር የሚውሉለት ካልሆነ አልመክርም።

ስለ ውሃ አንድ ነገር ልጨምር። ቤት ልታዩ ስትሄዱ አከራዩን “ውሃ አለ ወይ?” ብላችሁ አትጠይቁ። “አለ” ነው የሚላችሁ፤ ውሸቱንም አይደለም፣ ቧንቧው አለ። በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣና በየትኛው ሰዓት እንደሆነ ጠይቁ። ከዚያ ጎረቤት ያለችውን እናት ያንኑ ጠይቋት። ሮቶ ካለ ከፍታችሁ እዩ፤ ባዶ ሮቶ ግቢ ውስጥ ቆሞ ብዙ ሰው ያታልላል። የመብራት ቆጣሪው ለብቻችሁ ይሁን ወይስ የጋራ የሚለውም ከጊዜ በኋላ ጭቅጭቅ ያመጣል፤ ቀድማችሁ ጨርሱት።

ብርዱን ከቆላ ለምትመጡ በደንብ ልንገራችሁ። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ስትረግጡት ይንኮሻኮሻል። ስለዚህ ቤት ስታዩ ጠዋት ሂዱ፤ ፀሐይ በየት በኩል እንደምትገባ እዩ። የልጆች መኝታ በምሥራቅ በኩል መስኮት ካለው ትልቅ ነገር ነው። ጣሪያው ኮርኒስ ከሌለው ቆርቆሮው ሌሊት ያልበውና ጠዋት ብርድ ልብሳችሁ ላይ ይንጠባጠባል።

ብርድ ልብስ ከሩቅ ተሸክማችሁ አትምጡ። ከተማዋ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የታወቀች ናት። የመንዝ የበግ ፀጉር ባናም ገበያ ላይ ትገኛለች። ባና ትከብዳለች፣ መጀመሪያ ላይ ትኮሰኩሳለች፤ ግን ለልጅ እግር ላይ ጣል ስታደርጓት የሚተካት የለም። ጋቢ እንኳ ከቤታችሁ ይዛችሁ ኑ።

አደራ የምላችሁ ስለ ከሰል ነው። ማታ ክፍሉን ለማሞቅ ብላችሁ የከሰል ምድጃ አስገብታችሁ በር ዘግታችሁ እንዳትተኙ። ጭሱ ባይታይም ይገድላል። ሽታ የለውም፤ እንቅልፍ እንደያዛችሁ ነው የሚወስዳችሁ። ብርድ የማያውቅ እንግዳ ነው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው። ቡና ካፈላችሁበት በኋላም ምድጃውን ወደ ውጭ አውጡት።

ሌላው ትንሽ የሚመስል ነገር፦ እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የሚፈላው። ባቄላውና ሽንብራው አልበስል ይላል። ባለቤቴ መጀመሪያ ሰሞን የገዛነው ባቄላ ያረጀ መስሏት ባለ ሱቁን ልትቆጣ ነበር። ፕሬዠር ኩከር ካላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ከሰልም መብራትም ይቆጥብላችኋል።

ትምህርት ቤት ስትመርጡ፣ የመንግሥት ይሁን የግል፣ ስሙ ገናና ነው በሚል ብቻ አትሂዱ። በእረፍት ሰዓት ሄዳችሁ በሩ ላይ ቁሙ። መጸዳጃ ቤቱን እዩ፤ እዩት ስላችሁ ከልቤ ነው። ሴት ልጅ ያላችሁ በተለይ። በአንድ ክፍል ስንት ተማሪ እንዳለ ጠይቁ። ትምህርቱ ሙሉ ቀን ነው ወይስ በፈረቃ? በፈረቃ ከሆነ ግማሹን ቀን ልጁን ማን ይይዘዋል? ሁለታችሁም የምትሠሩ ከሆነ ይሄ ጥያቄ ከኪራዩ በላይ ያስጨንቃችኋል።

ሕክምናን በተመለከተ ደብረ ብርሃን ከሌሎቹ የዞኑ ከተሞች ትሻላለች። ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ ዩኒቨርሲቲውም የጤና ተማሪዎችን ያሠለጥናል። የቆየ ሕመም ያለበት ልጅ ወይም ነፍሰ ጡር ካለቻችሁ ይሄን አስቡበት።

ውል ላይ አትፈሩ። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል። አከራይ ከ2 ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ እንዳይጠይቅም ይከለክላል። የትኞቹ ከተሞች ላይ እንደሚሠራ የሚወስነው ክልሉ ስለሆነ፣ እዚያው ከተማ ያለውን ቤቶች ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። አከራያችሁ መልካም ሰው ቢሆኑም ወረቀት ይኑራችሁ። ጋሼ፣ እትዬ እየተባባላችሁ ውል መፈራረም ይቻላል፤ እኛ እንዲያ ነው ያደረግነው።

ለነርሷ እህቴ፦ ሸዋ ሮቢት ሌላ አገር ነው በይው። ከደብረ ብርሃን ተነስተሽ ጣርማ በርን ታልፊና ደብረ ሲናን ይዘሽ ትወርጃለሽ። መኪናው ሲወርድ ጋቢሽን፣ ከዚያ ሹራብሽን ታወልቂያለሽ። ሙቀት ነው፤ ወባም አለ። ስለዚህ ሰፈር ስትመርጪ መጀመሪያ የምታዪው ውሃ የሚያቁርበትን ቦታ ነው። ከወንዙ፣ ከመስኖ ቦዩና ከእርሻው ራቅ ያለ ቤት ያዢ። መስኮቱ ወንፊት ቢኖረው፣ ባይኖረውም ራስሽ ብታሠሪ። አጎበር ከመጀመሪያዋ ሌሊት ጀምሮ ይሰቀል፤ እቃ እስክፈታ ብለሽ አታሳድሪ። ልጅሽ ትኩሳት ካለው “የጥርስ ነው” ሳትይ በዚያው ቀን አስመርምሪው። ይሄን አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ፤ ግን ሥራ ላይ የሚውል ሰው የራሱን ልጅ ይረሳል። ኪራዩን ደብረ ሲና አድርጌ ልመላለስ ብለሽ ያሰብሽውንም እኔ አልወደድኩትም። አየሩ ደጋ ነው፣ ወባውን ትሸሺያለሽ። ግን ቁልቁለቱና ጠመዝማዛው በየቀኑ፣ ያውም ከሌሊት ተረኝነት በኋላ፣ ለሚያጠባ ሰው ከባድ ነው። ደብረ ሲና ስታልፊ ቆሎዋን ግዢ እንጂ ቤት ያዢ አልልሽም።

ለአረርቲው ወንድሜ፦ ዞኑ ሰሜን ሸዋ ቢሆንም ኑሮህ ወደ ሞጆና አዳማ ነው የሚያደላው። ገበያውም ትራንስፖርቱም ወደዚያ ነው። ጤፉ የምንጃር ነው፤ በእህል በኩል ትካሳለህ። ልጆችህ አዳማ የሚማሩ ከሆነ ወዲያው አታስወጣቸው። ዓመቱን ጨርሰው ይምጡ፤ እስከዚያ አንተ ለብቻህ አንድ ክፍል ይዘህ ከተማውን ልመደው። እዚያም የውሃውን ነገር ጎረቤት ጠይቅ።

እንዲያውም ይሄን ለሦስታችሁም እመክራለሁ። ሥራው የሚጀምረው ሰው ቀድሞ ለብቻው ይምጣ። አንድ ክፍል በወር ይያዝ። ቅዳሜና እሑድ በእግሩ ይዙር። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የሚሄድ ሰው እዚያ ከሚያገኛቸው እናቶችና አባቶች ይጠይቅ፤ ደላላ የማይነግረውን እነሱ ይነግሩታል። ሌላው ዘዴ ቤቱን ነሐሴ ላይ ማየት ነው። የሚያፈሰው ጣሪያ፣ የሚገባው ጎርፍ፣ የማይወጣው ጭቃ ሁሉ ያን ጊዜ ይታያል። ነሐሴ ላይ ደረቅ የሆነ ቤት ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ነው።

ከመነሳታችሁ በፊትና ጉዞ በምታደርጉበት ቀን የመንገዱን ሁኔታ እዚያው ካለ ሰው ጠይቁ። ከልጆች ጋር ማታ አትጓዙ። የቤት እቃ የጫነው መኪና ብቻውን ይሂድ፤ እናንተ በቀን በሕዝብ ማመላለሻ ኑ።

የደብረ ብርሃኑ ወንድሜ ደግሞ ሦስት ልጅ ስላለህ ወረቀቶቹን አሁኑኑ ጀምር። የእያንዳንዱ ልጅ መልቀቂያና የውጤት ካርድ፣ የልደት ሰርተፍኬት፣ የክትባት ካርድ፣ ለአንተና ለባለቤትህ ከቀበሌ መሸኛ። መልቀቂያውን ትምህርት ቤቱ ክረምት ሳይዘጋ ውሰድ። እኔ ያን ሳላደርግ መጥቼ ለአንዲት ማኅተም አዳማ ድረስ ተመልሻለሁ፤ ልጄም የትምህርቱን የመጀመሪያ ሳምንት ቤት ተቀምጣ ነው ያሳለፈችው። ስትደርስ ደውልልኝ፤ ትምህርት ቤቶቹን አብረን በእግር እንዞራቸዋለን።