እማዬ ከጅማ ልትመጣ ነው፤ ፍሪጅ ውስጥ ያለው ጠርሙስ አሳስቦኛል

የመንቲና ልጅ (ሜሪላንድ)፦
ሰላም የጅማ ልጆች። የእማዬ ቪዛ ተሳክቷል፣ ተመስገን። ጭንቀቴ ሌላ ነው። ደባሌ ፖፐርስ (ለመዝናናት የሚሸተት ፈሳሽ) የሚያስቀምጠው የጋራ ፍሪጃችን በር ላይ፣ ከኢነርጂ መጠጦቹ ጎን ነው። አውራ ጣት የምታህል ጠርሙስ ናት፤ ደማቅ ቢጫ ላስቲክ ተጠቅልላ መብረቅ ተስሎባታል። እማዬ እንግሊዝኛ አታነብም፣ የግፊት መድኃኒትም ትወስዳለች። የቤቱ ውል በሱ ስም ስለሆነ እንዴት ብዬ እንደምነግረው ጨንቆኛል።

ሲስተር (ድንገተኛ ክፍል)፦
ወንድሜ፣ ዛሬውኑ ከፍሪጅ ይውጣ። ይሄ ይሸተታል እንጂ አይጠጣም። ውስጡ ያለው አልኪል ናይትራይት ከተዋጠ ደም ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፣ ግፊት ባንዴ ይወርዳል፣ ከንፈርና ጥፍር ይጠቁራል፤ ሲቀዳ ደሙ ራሱ ቸኮላት ይመስላል። የግፊት መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ደግሞ ይብሳል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2021 ያስጠነቀቀው ሰዎች ጠጥተውትም አሽትተውትም ስለተጎዱ ነው፤ ጠርሙሱም ከኢነርጂ መጠጥ ጋር ይመሳሰላል።

ጽሑፉን አትመን፤ «የቆዳ ማጽጃ»፣ «የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ» ተብሎ ነው የሚሸጠው። የሚጠጣ ነገር ጀርባው ላይ የካሎሪ ወይም የንጥረ ነገር ሠንጠረዥ አለው፤ ይሄኛው የለውም፤ አብዛኛውን ጊዜ የእሳት ምልክት ይኖረዋል። በራሱ ጠርሙስ፣ ክዳኑ ጠብቆ፣ ቀጥ ብሎ፣ ቁልፍ ባለው ሣጥን ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ይቀመጥ። በቀላሉ ስለሚቀጣጠል እማማ ቡና የሚያፈሉበትና ዕጣን የሚያጨሱበት አካባቢ እንዳይደርስ።

አይበለውና ከተጠጣ፣ ለማስታወክ አትሞክሩ፤ ወተት የሚባለውንም ተዉት። 911 ደውል፣ ጠርሙሱንም ለሐኪሙ አሳይ። በ1-800-222-1222 የመርዝ መረጃ ማዕከልን ማማከር ትችላለህ፤ አስተርጓሚ ጠይቅ።

ጋሼ (ዳላስ)፦
ልጄ፣ እንዲህ ያለ ነገር ከሚያሸት ሰው ጋር እናትህን ታሳድራለህ? ለአከራዩ በጽሑፍ አሳውቅና ውጣ። እዚህ አገር ያልተጻፈ ነገር እንዳልተነገረ ነው የሚቆጠረው።

የኮቺዋ (ጅማ ተመልሼ የምኖር)፦
ጋሼ፣ ሰውየውን ተዉት፤ ጉዳዩ የጠርሙሱ ነው። እዚህ እኛ ሰፈር በረኪናና ላምባ በሃይላንድ ጠርሙስ ከውኃው ጎን ይቀመጣል፤ ልጅ ጠምቶት ሲሮጥ መጥቶ ያነሣል። ክፉ ሰው ስላለ አይደለም። እናትህ እንደገባች እጇን ይዘህ አሳያት፣ «ይቺ መርዝ ናት» በላት፤ አትፈር። እኔ ውጭ ሳለሁ እናቴን ሳላስመጣት ነው የሞተችው። በሂርማታ ገበያ ባለፍኩ ቁጥር ማር ስትመርጥ የማያት ይመስለኛል።

የመንቲና ልጅ፦
እህቴ፣ ነፍሷን ይማር። ሲስተር፣ ሣጥኑን ዛሬ እገዛለሁ። ለሱ ግን ምን ብዬ ልስጠው?

ጋሼ (ዳላስ)፦
ሣጥን መፍትሔ አይደለም። ብር ካጠረህ ወደ ጅማ የምትልከውን ሁለት ወር አቁምና ብቻህን ተከራይ።

የኮቺዋ፦
ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ። የሚልከው ብር ሲቆም እዚህ ምን እንደሚሆን እኔ ነኝ የማየው። የቤት ኪራይ እዚህም ጨምሯል፤ ዘይቱም፣ ጤፉም። ልጁ የጠየቀው እናቱን ከአንዲት ጠርሙስ ስለመጠበቅ ነው፤ እርስዎ የቤተሰቡን ጉሮሮ ዝጋ ይሉታል?

ጋሼ (ዳላስ)፦
እኔም ብዙ ዓመት ልኬያለሁ ልጄ። ስላልገባኝ አይደለም።